ከጉልበት ቅየራ በኋላ ጉልበት እንዳይደርቅ፦ ማሽኑ ነው ወይስ ነጠላው?

ዛሬ ደግሞ ስለ ጉልበት እናውራ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ወጣት እናቱን በባጃጅ ይዞ መጣ። እናትየው አዲስ አበባ ሄደው አንድ ጉልበታቸው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተቀየረላቸው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ቁስሉ ደርቋል፣ ትኩሳት የለም፣ ራጁም ጥሩ ነው። ጉልበቱ ግን እሺ ብሎ አይታጠፍም። ስለካው 55 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀጥ አለ። ልጁ ስልኩን አወጣና የአንድ ማሽን ፎቶ አሳየኝ። «ዶክተር፣ እግሩን ራሱ የሚያጥፍና የሚዘረጋ ማሽን ነው። ውጭ ያለችው እህቴ ልትልክልን ነው፣ ብሩን እያሰባሰብን ነው። ይገዛ አይደል?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ እናትህ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚውሉ ንገረኝ» አልኩት። ሲነግረኝ ነገሩ ተገለጠልኝ። ዘመድ ጎረቤቱ «አይነሱ፣ እንዳይበላሽብዎ» እያለ አልጋ ላይ አውሏቸዋል። እንዲመቻቸውም ከጉልበታቸው ሥር ትራስ ተደርጓል። ሁሉም በፍቅር ነው የተደረገው። ጉልበቱን ያደረቀው ግን ይኸው ነው።

ጉልበት ለምን ይደርቃል?

በቀዶ ሕክምናው ያለቀው የአጥንት ጫፍ ይነሳና በብረትና በጠንካራ ፕላስቲክ ይተካል። ብረቱ አይደርቅም፤ የሚደርቀው ዙሪያውን ያለው ሥጋ ነው። ሰውነት ቁስሉን ሲጠግን ጠባሳ ይሠራል። ጉልበቱ ካልተንቀሳቀሰ ጠባሳው እየጠነከረ፣ እየተጣበቀ ይሄዳል። እብጠቱና ሕመሙ ደግሞ የፊት ጭን ጡንቻን ያሰንፉታል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በጣም የሚያስፈልጉን።

ምን ያህል መታጠፍ አለበት? በደልዳላ መንገድ ለመራመድ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይበቃል። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ፣ ከወንበርም ያለ ችግር ለመነሳት ግን ከ90 እስከ 105 ዲግሪ ያስፈልጋል። 55 ዲግሪ ላይ የቀረ ጉልበት ባጃጅ ውስጥ ለመግባት እንኳ ያስቸግራል። ሌላው ብዙዎች የሚረሱት ነገር፣ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። የማይዘረጋ ጉልበት ያነክሳል።

ማሽኑስ?

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ካናዳዊው የአጥንት ሐኪም ሮበርት ሶልተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጎዳ መገጣጠሚያ ታስሮ ከሚቀመጥ ይልቅ ቢንቀሳቀስ ይሻለዋል ብለው ተነሱ። ማሽኑ ከዚያ ሐሳብ የመጣ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 ኮክሬን የተባለው የምርምር ተቋም 24 ጥናቶችን፣ በድምሩ 1,445 ሕሙማንን ያካተተ ግምገማ አወጣ። ማሽኑ ጉልበት የመታጠፍ አቅም ላይ የጨመረው በአማካይ 2 ዲግሪ ብቻ ነበር። 2 ዲግሪ በዓይን እንኳ አይለይም። ለነገሩ ምክንያት አለው፤ ማሽኑ ሥራውን ሲሠራ የራሳችን ጡንቻ ተኝቷል።

ስለዚህ የቀዶ ሐኪማችሁ ለእናንተ ብሎ ካዘዘው ተጠቀሙበት። ካላዘዘው ግን ንብረት ሸጣችሁ አትግዙ።

ታዲያ በምን እንሥራ?

ከዚህ በታች ያሉት በቀላሉ የሚገኙ ናቸው። ከመጀመራችሁ በፊት የቀዶ ሐኪማችሁን ወይም ፊዚዮቴራፒስታችሁን አማክሩ። የታዘዘላችሁን ማስታገሻ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ውሰዱ።

1. ፌስታል፦ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን ፌስታል ላይ አድርጉ። ወለሉ ላይ እያንሸራተታችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ሲወጥራችሁ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያዙት። በአንድ ጊዜ 10፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ሥሩት። ከመነሳታችሁ በፊት ፌስታሉን አንሱት፣ ያንሸራትታል!

2. ነጠላ፦ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ነጠላውን በውስጥ እግራችሁ አዙሩና ሁለቱን ጫፍ ያዙ። ተረከዛችሁን ወደ መቀመጫችሁ ስትስቡ በነጠላው አግዙት። መጀመሪያ ጡንቻው ይሥራ፣ ነጠላው የቀረውን ይጨምር።

3. ፎጣ፦ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከተረከዝ ሥር አድርጉ። ከጉልበት ሥር አይደለም! ጉልበቱን ወደ ታች ተጫኑና 5 ሰከንድ ያዙ። ጉልበትን የሚያዘረጋው ይህ ነው።

4. በረዶ የሆነ ሃይላንድ፦ አሶሳ ሙቀት ነውና ይህን ትወዱታላችሁ። የውሃ ፕላስቲኩን ፍሪዘር ውስጥ አድርጋችሁ፣ በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጉልበቱ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙት። እብጠት ሲቀንስ መታጠፉም ይቀላል። ባዶ ቆዳ ላይ ግን አታድርጉት።

5. ዎከር ወይም ክራንች፦ መራመድም ሕክምና ነው። ቁመታችሁ ላይ ተለክቶ ይስተካከል።

6. ባለበት የሚነዳ የስፖርት ብስክሌት፦ ፊዚዮቴራፒስታችሁ ሲፈቅድ መቀመጫውን ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ብቻ ሥሩ። ሙሉ ዙር ሲዞርላችሁ ጉልበታችሁ መሻሻሉን ታዩታላችሁ።

7. ስልካችሁ፦ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቦታ ተቀምጣችሁ፣ ጉልበቱ በቻለው ልክ ታጥፎ፣ ከጎን ፎቶ አንሱት። አዲስ አበባ ላለው ፊዚዮቴራፒስት በቴሌግራም ላኩለት። 600 ከምናምን ኪሎ ሜትር ሳትጓዙ ለውጡን ያይላችኋል።

መለስተኛ ሕመምና መወጠር ያለ ነው። ጉልበቱ ከእንቅስቃሴው በኋላ አብጦ እስከ ማግስቱ ካልቀነሰ ግን አብዝታችኋል ማለት ነው፣ ቀነስ አድርጉ።

እነዚህን አታድርጉ

ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ በኃይል አታሳጥፉት። በዕድሜ የሳሳ አጥንት ሊሰበር፣ ጅማት ሊበጠስ፣ ቁስሉም ሊከፈት ይችላል። ቅቤም ሆነ ማር ቁስሉ ላይ አትቀቡ። ዝቅ ያለ በርጩማና ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት በእነዚህ ሳምንታት ይቅርባችሁ፤ መሀሉ የተቀደደ ወንበር አናጺ ጋ ማሠራት ይቻላል። ሶላትም ሆነ ጸሎት ወንበር ላይ ሆኖ ይደረጋል።

መቼ ወደ ሐኪም?

በ6ኛው ሳምንት ጉልበቱ 90 ዲግሪ ካልደረሰ ለቀዶ ሐኪማችሁ ደውሉ። በማደንዘዣ አስተኝቶ ጉልበቱን ማጠፍ የሚባል ሕክምና አለ፤ የተሻለ ውጤት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ ሲሠራ ነው። «እስኪ በዓሉ ይለፍ» እያላችሁ ይህን ጊዜ አታሳልፉት።

ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም መግል፣ የባት ማበጥና ሕመም ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ካለ አንድ ደቂቃ አትጠብቁ፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል! በእግር ሥር የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

እናትየውስ?

ትራሱ ከጉልበታቸው ሥር ወጣ። ልጃቸው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አጠገባቸው ተቀምጦ እየቆጠረ አሠራቸው። መጀመሪያ ሰሞን «ልጄ፣ ይህ ዶክተር ሊገድለኝ ነው» ይሉ ነበር አሉ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስለካቸው 95 ዲግሪ ሆነ። «አሁን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ራሴ ቡና አፈላለሁ» አሉኝ እየሳቁ።

ለማሽኑ የተሰበሰበው ብርስ? መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር፣ ዎከርና ለአዲስ አበባው ቀጠሮ የአውሮፕላን ትኬት ሆነ።

ጉልበቱ ሊቀየርለት የተዘጋጀ ወይም ተቀይሮለት የተኛ ዘመድ ካላችሁ ይህን አጋሩት። ጥያቄያችሁን በኮሜንት ጻፉልኝ። ጤና ይብዛላችሁ!