ከፋብሪካው ጀርባ ያለው የነፋስ ዋሻ

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ወዳለችው ኤቨረት ከተማ አዲስ ለመጣ ሀበሻ መጀመሪያ የሚታየው የቦይንግ ፋብሪካ ነው። በይዘት የሚተካከለው ሕንፃ በዓለም የለም። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የመጀመሪያው ድሪምላይነር አውሮፕላን የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቀለማት ለብሶ የተነሣውም ከዚሁ ነው። እኔ ግን ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን የነፋስ ዋሻ ነው።

የቦይንግ ኩባንያ መሥራች ቢል ቦይንግ በ1917 እ.ኤ.አ. ለዩኒቨርሲቲው የነፋስ ዋሻ አሠርቶ ሰጠ፤ በምላሹም የአውሮፕላን ምሕንድስና ትምህርት እንዲጀመር ጠየቀ። ኩባንያው ያኔ ገና ዓመት ቢሆነው ነው! ከ1936 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠራው ከርስተን የሚባለው ዋሻ ነው። መሐሉ ላይ አነስተኛ የአውሮፕላን ሞዴል ይተከላል፤ ነፋስ ይለቀቅበታል፤ ሞዴሉ የቆመበት ሚዛን ሽቅብ የሚያነሣውንና ወደ ኋላ የሚጎትተውን ኃይል ይለካል። የክንፍ ስህተት እዚህ ቢገኝ ሞዴሉን ማስተካከል ነው፤ ሰማይ ላይ ቢገኝ ግን ሕይወት ያስከፍላል። ዋሻውን የሚያንቀሳቅሱት ደግሞ ተማሪዎች ናቸው።

አውሮፕላን ለማትሠራ አገር ይህ ምን ይፈይዳል ለሚለኝ፣ መልሴ የበግ ቆዳ ነው። የአገራችን የበግ ቆዳ ለእጅ ጓንት የታወቀ ነው። ሆኖም ቆዳ ፋብሪካዎቻችን «እከክ» በሚሉት ችግር ብዙ ከስረዋል። ጥሬው ቆዳ ሲገዛ ደህና ይመስላል፤ ፀጉሩ ተገፎ ሲለፋ ግን ነጠብጣቡ ይወጣል፣ ደረጃውም ይወርዳል። ጥፋቱ ከፋብሪካው ስላልሆነ ማሽን መቀየር አያድነውም። ምክንያቱ ቅማልና መሰል ተባዮች መሆናቸውን ለይተው ያወቁት ቆዳውን ይዘው ወደ በጉ የተመለሱ ተመራማሪዎች ናቸው። አማራ ክልልን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች በጎችና ፍየሎች መድኃኒት እንዲረጭባቸው የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩትም ቼናይ ካለው የህንድ ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ተቋም ጋር ተጣምሮ ሠርቷል። ህንዶች ያንን ተቋም የመሠረቱት ነፃ በወጡ በዓመቱ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. ነው።

አገር ቤት ፋብሪካ ለመክፈት የምታስቡ ወገኖቼ፣ ማሽን ከማዘዛችሁ በፊት በሙያው ያለውን የምርምር ማዕከል በር አንኳኩ።