ቦርጭና የደም ስኳር

ቦርጭ በብዙዎቻችን ዘንድ የድሎት ምልክት ነው። ባል ሆዱ ገፋ ሲል «ተመችቶታል» ይባላል፤ ሚስትም «ጥሩ አድርጋ ይዛዋለች» ተብላ ትመሰገናለች። በዚህ ወር የጤና አምዳችን ቦርጭ ከስኳር በሽታ ጋር ያለውን ዝምድና እንመለከታለን።

የማርሴይ ከተማው ፈረንሳዊ ሐኪም ዣን ቫግ እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው ጽሑፍ፣ ለስኳር በሽታ የሚያጋልጠው የውፍረት መጠን ብቻ ሳይሆን ስቡ የተከማቸበት ቦታም ጭምር መሆኑን አመልክቷል። ከዳሌና ከጭን ስብ ይልቅ የሆዱ የከፋ ነው።

ለምን? በዒድ አል-አድሓ የምናርደውን በግ እናስታውስ። ሆዱ ሲከፈት አንጀቱን ሸፍኖ የምናየው ሞራ በሰውም ሆድ ውስጥ አለ። ሞራው ሲበዛ ከእርሱ የሚወጣው ቅባት በደም ሥር በኩል በቀጥታ ጉበት ዘንድ ይደርሳል። ቅባት የበዛበት ጉበት የኢንሱሊንን ትእዛዝ በሚገባ ስለማይሰማ ስኳር ወደ ደም መልቀቁን ይቀጥላል። ጡንቻም ስኳሩን ለመቀበል ይለግማል። ቆሽት ይህን ለማካካስ ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል፤ ከዓመታት በኋላ ሲደክም ግን የደም ስኳር ከልክ ያልፋል። የዳሌና የጭን ስብ ግን ቅባቱን በቦታው ይዞ ስለሚያቆይ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ሚዛን ብቻውን አያስተማምንም። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የገፋ ሰው «እኔ ወፍራም አይደለሁም» ብሎ ሊዘናጋ ይችላል። የልብስ ሰፊ ሜትር እንያዝና ትንፋሻችንን አስወጥተን፣ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል እንለካ። የወገባችን ዙሪያ ከቁመታችን ግማሽ ማነስ አለበት። ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ከ85 በታች ማለት ነው። (እርጉዝ እናቶችን ይህ አይመለከትም።)

መፍትሔውም በእጃችን ነው። በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ ጥናት፣ የደም ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ እየተረዱ ሲከታተሉ፣ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ይህን እርዳታ ካላገኙት በ58 በመቶ አንሶ ተገኝቷል።

በሽታው ሲጀምር ሕመም ላይሰማ ስለሚችል፣ ወገቡ ከልክ ያለፈበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ቢያስመረምር መልካም ነው። እኛ እህቶችና እናቶችም «አንድ ጉርሻ ብቻ!» እያልን ስናስጨንቅ፣ ሻዩንም በስኳር ስናጣፍጥ ይህን እናስብ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።