ኩላሊት ሲፈለግ ቆሽት ተገኘ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ብሳናን የማያውቅ ገበሬ የለም። ለንብ አበባ፣ ለከብት ጥላ፣ ለጭርት ደግሞ መድኃኒት ነው። ስኳር ያዘኝ ላለ ሰውም «ይህን ቅጠል ሞክር» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ቅጠሉ እውነት ስኳር ያወርድ እንደሆነ ለማየት ግን ተመራማሪ መጀመሪያ የታመመ አይጥ ያስፈልገዋል። አይጥ ደግሞ በተፈለገ ሰዓት ስኳር አይይዛትም። እንዲይዛት ማድረጊያው መንገድ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ ያውም ሳይታሰብ።

ዘመኑ የጦርነት ነው። በብሪታንያ በቦምብ ከፈረሰ ቤት ሥር በሕይወት የወጡ ሰዎች ጥቂት ቀን ሰንብተው ኩላሊታቸው እየደከመ ይሞቱ ነበር። በግላስጎው የፓቶሎጂ ፕሮፌሰሩ ጆን ሻው ደን ከባልደረቦቻቸው ከሺሃንና ከማክሌቺ ጋር ምክንያቱን ፍለጋ ኩላሊት የሚጎዱ ኬሚካሎችን በጥንቸል ላይ ይሞክሩ ጀመር። አንዱ ከዩሪክ አሲድ የሚገኘው አሎክሳን ነበር። ጥንቸሎቹ ሞቱ። ሲመረመሩ ግን ጉዱ የታየው ቆሽት ላይ ነው፤ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሕዋሳት ተለይተው ረግፈዋል፣ ዙሪያቸው ያለው ሥጋ ደህና ነው።

ሌላም እንቆቅልሽ ነበር፤ ጥንቸሎቹን የገደላቸው የስኳር መብዛት ሳይሆን ማለቅ ነው። ሕዋሳቱ ሲሞቱ ያከማቹትን ኢንሱሊን ባንዴ ይለቁታል። ያን ያለፈ እንስሳ ግን ኢንሱሊን የሚሠራለት ስለማይኖር ስኳሩ እንደናረ ይቀራል። ደንና ማክሌቺ በዚያው ዓመት ይህንኑ በአይጦች አሳዩ። ዛሬም አሎክሳን የተወጋች አይጥ ግሉኮስ የተበጠበጠበት ውሃ የሚሰጣት ያቺን የመጀመሪያ ሌሊት እንድታልፍ ነው።

እነዚያን ሕዋሳት ብቻ የሚመርጥበት ምክንያት የታወቀው ቆይቶ ነው። አሎክሳን ቅርጹ ግሉኮስን ስለሚመስል ሕዋሱ በስኳር መግቢያው ያስገባዋል፤ ውስጥ ሆኖ ይመርዘዋል። በ1963 ደግሞ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘው ስትሬፕቶዞቶሲን ተመሳሳይ ጉዳት እንደሚያደርስ ተዘገበ።

የአገራችን ተመራማሪዎች ብሳናንም ጦስኝንም የፈተኑት እንዲህ በታመሙ አይጦች ላይ ነው፤ ስኳር ማውረዳቸውንም ጽፈዋል። ሥራው ዋጋ አለው። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚወራው ነው። አይጧን ያሳመማት የአንድ ቀን መርፌ ነው፤ የብዙ ሰው ስኳር ግን በዓመታት የሚመጣ ነው። ኢንሱሊን የሚያመነጨው የሰው ሕዋስም አሎክሳን የሚገባበት ዓይነት የስኳር መግቢያ እምብዛም ስለሌለው አሎክሳን እንደ አይጥ አይጎዳውም። እንግዲህ ቅጠል ጀመርኩ ብለው ኢንሱሊንዎን ወይም ክኒንዎን አያቋርጡ፤ የሚጠጡት ነገር ካለም ለሐኪምዎ ይንገሩ።