ከሽቦ መኪና ወደ ብረት ለበስ፦ አንድ ለሠላሳ አምስት እንዴት ይሠራል?

ደባርቅ ወይም ዳባት ያደገ ሰው የሽቦ መኪናን ያውቃታል። ከአጥር የተረፈ ሽቦ፣ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ ጎማ፣ ሲጠፋም ቆርኪ፤ ረጅም መሪ ይበጅላትና በአስፋልቱ ዳር ትነዳለች። መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቹ አብረው እንዲዞሩ ያደረገ ልጅ የመሪን አሠራር ማንም ሳያስተምረው ደርሶበታል። እንዲህ ያለው እጅ ልኬት ቢጨመርለት የት ይደርስ እንደነበር ሳስብ ዝም ማለት ስለማልችል ነው ይህን የምጽፈው።

ልኬት ያለው ሞዴል ማለት የእውነተኛው መኪና እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ቁጥር ተካፍሎ የተሠራ ነው። የጦር ተሽከርካሪ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት ቁጥር 35 ነው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በ1961 እ.ኤ.አ. ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ በሞተር የሚሄድ መጫወቻ አድርጎ ሲሠራ፣ መጠኑን የወሰነው ሞተሩና ባትሪው በሚገቡበት ስፋት ነበር። ኋላ ሲሰላ የእውነተኛው አንድ ሠላሳ አምስተኛ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉት።

ለጀማሪ የምመክረው የእንግሊዞቹን የሮልስ ሮይስ ብረት ለበስ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ የብሪታንያ የባሕር ኃይል አብራሪዎች በቤልጅግና በሰሜን ፈረንሳይ ለስለላና የወደቁ ጓዶቻቸውን ለመፈለግ በተራ መኪና ይወጡ ነበር። ደንከርክ ላይ መርከብ ሠሪዎች እነዚህን መኪኖች የቦይለር ብረት አለበሷቸው። ብዙም ሳይቆይ በሀብታሞቹ መኪና በሮልስ ሮይስ ሻንሲ ላይ ደንበኛው ብረት ለበስ ተሠራ፤ ባሌስትራው ተጠናከረ፣ የኋላ ጎማዎቹ በየጎኑ ድርብ ሆኑ፣ ከላይ የሚዞር ክብ ማማና ቪከርስ መትረየስ ተቀመጠበት።

ጠንካራ የታወቀ ሻንሲ ወስዶ ብረት ማልበስ፤ ይኸው ሐሳብ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደ እኛ አገር ገባ። ደቡብ አፍሪካ በፎርድ ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የሠራችው ማርሞን ሄሪንግተን ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ ተሰልፏል። ስሙን ያገኘው አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረውን ዕቃ ካቀረበው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ከሊማሊሞ አናት፣ ወልከፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ለወራት በአርበኞችና በብሪታንያ ጦር ተከብቦ ከቆየ በኋላ በመስቀል ሰሞን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ኅዳር 18 ቀን ጎንደር ስትወድቅ ደግሞ ወደ ከተማዋ ከገቡት መካከል የኬንያ ብረት ለበስ መኪኖች ነበሩ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ሮልስ ሮይሱ ርዝመቱ 4.93 ሜትር፣ ወርዱ 1.93፣ ቁመቱ 2.54 ነው። ለ35 ሲካፈል ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 5 ከግማሽ፣ ቁመቱ ከ7 ትንሽ ያልፋል፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ክብደቱ ግን ሌላ ስሌት አለው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ሦስቱም ለ35 ስለሚካፈሉ ክብደት የሚካፈለው ለ42,875 ነው። 4.7 ቶን የነበረው መኪና ከዚያው ብረት ቢሠራ እንኳ 110 ግራም ብቻ ይሆናል፤ የሁለት ወይም የሦስት እንቁላል ክብደት።

ከሁሉ የሚገርመኝ የብረቱ ውፍረት ነው። 12 ሚሊ ሜትር የነበረው ብረት በሞዴሉ ላይ 0.34 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ገደማ ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ቅጠል በኮላ ተጣብቆ በመጽሐፍ ሥር ተጭኖ ቢያድር፣ ያ ትክክለኛው የብረት ልኬት ነው። ከውጭ የሚመጣው የፕላስቲክ ሞዴል ብዙ ጊዜ ከዚህ ይወፍራል፤ እዚህ ላይ የወረቀት ሠሪው ይበልጣል። የዚያ ዘመን ብረት ለበስ አብዛኛው አካሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ በማስመሪያና በምላጭ ይቆረጣል። ማማው ክብ ነውና ወረቀቱን መድኃኒት ብልቃጥ ላይ ጠቅልሎ ማድረቅ ይበቃል። ሪቬቶቹን ለማውጣት ወረቀቱን ከጀርባው በደነዘዘ መርፌ፣ ሳይበሱ፣ በማስመሪያው ልክ መጫን ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ትናንሽ ጉብታዎች ተሰልፈው ይወጣሉ። ሻንሲው ከስቴኪኒ፣ መትረየሱ ከሽቦ ይሠራል።

ቀለሙ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። 0.1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቀለም በእውነተኛው መኪና ሲታሰብ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንዲህ የተለሰነ መኪና ማንም አላየም። ስለዚህ ቀጭን ቀለም በሦስት ዙር፣ በየመካከሉ በደንብ እያደረቁ ይቀባል። በክረምት የደባርቅ ብርድና ጭጋግ የማድረቂያውን ጊዜ ያራዝመዋል፤ ታገሡ። ወረቀቱ ቀለም እንዳይመጥ መጀመሪያ በቀጠነ ኮላ መድፈን፣ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ያስፈልጋል። መሠረቱ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ይሁን። ከዚያ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥናችሁ በሪቬቶቹና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ስታስነኩ ፈሳሹ ራሱ ወደ ስንጥቁ ይሮጣል፤ ጥላም ይሆናል። መሠረቱ በአኳራጅ የሚሟሟ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ተቀላቅለው ሥራው ሁሉ ይበላሽ ነበር። በመጨረሻ ከደባርቅ መንገድ አፈር ውሰዱ፤ ግን በቀጭን ጨርቅ ንፉት። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች አሸዋ በዚህ ልኬት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የምትጠጋ ጠጠር ናት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ከሮልስ ሮይሱ ጎን ሁለተኛ ሞዴል ሥሩ፤ የጣሊያኑን ሲቪ 33 ትንሽ ታንክ። አመጣጡ የእንግሊዞቹ ካርደን ሎይድ ነው፤ ጣሊያኖች ያንን ገዝተው የራሳቸውን አዳበሩ። ርዝመቱ 3.17 ሜትር፣ ቁመቱ 1.3 ሜትር ገደማ፣ ውስጡ ሁለት ሰው። የሚዞር ማማ የለውም፤ መትረየሱ የሚተኩሰው ወደ ፊት፣ በጠባብ ማዕዘን ነው። በልኬታችን ከፍታው 3.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አሁን 1.70 ሜትር የሚረዝም ሰው በዚያው ልኬት ከሽቦ ሥሩና አጠገቡ አቁሙት፤ ቁመቱ 4.9 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ከታንኩ በላይ ያያል።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጓና ላይ እነዚህን ታንኮች ሲገጥም የሆነው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይታያል። ወታደሮቻችን በጎንና በኋላ እየቀረቡ፣ ላያቸው ላይ እየወጡ ታንኮቹን ከጥቅም ውጭ አደረጉ። በልጅነቴ ይህን ስሰማ ተረት ይመስለኝ ነበር። ሁለቱን ሞዴሎች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ በአንዱ ላይ ማማው ዙሪያውን ሲዞር፣ በሌላው ላይ መትረየሱ ከፊቱ ሌላ ማየት እንደማይችል በጣቴ ስከተል ግን ጀግንነቱ ማስተዋልም እንደነበረበት ገባኝ። ከጠመንጃው አፍ ፊት መቆም ሞት ነው፤ ከኋላው ግን ባዶ ቦታ አለ። እነሱ ያንን ቦታ እሳት ውስጥ ሆነው አገኙት።

ለሞዴል ትልቁ ችግር ምንጭ ነው። ነጭና ጥቁር ፎቶ ቀለሙን አይነግርም፤ ልኬትን ግን ይነግራል። ከመኪናው አጠገብ፣ ከካሜራው በእኩል ርቀት የቆመ ሰው ካለ፣ የሰውየው ቁመት በፎቶው ላይ ተለክቶ የመኪናው ከፍታ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል፤ የቀረው ማካፈል ነው።

በደባርቅ፣ በዳባት፣ በሊማሊሞ አካባቢ ከአያቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ የዚያ ዘመን ፎቶ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አታጥፉት። ቅጂ አንሱለት፣ የት እንደተነሳና እነማን እንደቆሙበት የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ጠይቃችሁ በቅጂው ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፉ።