ከድሬዳዋ እስከ ሚኒሶታ፦ የፉአድ ኢብራሂም የእግር ኳስ ጉዞ እና ያልተፈታው የዜግነት ጥያቄ

ሚኒያፖሊስን ከሴንት ፖል ጋር በሚያገናኘው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ፣ የስኔሊንግ ጎዳና መጋጠሚያ አጠገብ አሊያንዝ ፊልድ የተሰኘው የእግር ኳስ ስታዲየም ይገኛል። 19,400 ተመልካቾችን የሚይዘው ይህ ስታዲየም የሚኒሶታ ዩናይትድ ሜዳ ሲሆን፣ በሩን የከፈተው እ.አ.አ. በሚያዝያ 2019 ነው። በርካታ የኢትዮጵያ ተወላጆች በሚኖሩባቸው በእነዚህ መንታ ከተሞች፣ የክለቡን ጨዋታ ለማየት ከመሀል ከተማ በቀላል ባቡር መምጣት ይቻላል።

ክለቡ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረውም። ሚኒሶታ ስታርስ ይባል በነበረበት ጊዜ በሁለተኛው የሰሜን አሜሪካ ሊግ ይወዳደር፣ ጨዋታውንም ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ብሌይን ያደርግ ነበር። በዚያ ዘመን ማልያውን ከለበሱት አንዱ በድሬዳዋ ተወልዶ በሚኒሶታ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም ነው። የእሱ ጉዞ በስደት ያደገ አንድ ታዳጊ ወደ ፕሮፌሽናል እግር ኳስ የሚገባበትን መንገድ ያሳያል። ከዚያም አልፎ ዛሬም ድረስ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ተጫዋቾችን የሚያሳስብ ጥያቄ ያስነሳል።

በ15 ዓመቱ የተመረጠው አጥቂ

ፉአድ እ.አ.አ. በ1991 ተወለደ። ገና በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ ገብቶ፣ በታዳጊነቱ የአገሪቱን ከ17 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ለመቀላቀል በቃ። በ2007 የሜጀር ሊግ ሶከር ክለቦች ዓመታዊ የተጫዋቾች ምልመላ ሲያካሂዱ ኤፍሲ ዳላስ መረጠው፤ በወቅቱ 15 ዓመቱ ነበር።

በአሜሪካ አሠራር ክለቦች በዚህ ምልመላ በየተራ የሚመርጡት በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ሲጫወቱ የቆዩ ወጣቶችን ነው። እንደ ፉአድ ያለ ታዳጊ በቀጥታ ሲገባ ከትምህርት ገበታ ወደ አዋቂዎች መልበሻ ክፍል ይሸጋገራል። ዕድሉ ትልቅ ቢሆንም አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው፤ ውል የፈረመ ታዳጊ የመሰለፍ ዋስትና የለውምና።

በ2008 ወደ ካናዳው ቶሮንቶ ኤፍሲ ተዛወረ። ጊዜው ለወጣት ተጫዋቾች አመቺ አልነበረም። ሊጉ የተጠባባቂ ቡድኖችን ውድድር ከ2008 በኋላ አቋርጦ የመለሰው በ2011 ነው። በመሀል በነበሩት ሁለት ዓመታት በዋናው ቡድን ቦታ ያላገኘ ወጣት ልምምድ ይሠራል እንጂ በየሳምንቱ የሚወዳደርበት መድረክ አልነበረውም። አጥቂ ደግሞ ብስለትን የሚያገኘው በጨዋታ ነው።

ከቶሮንቶ በኋላ ፉአድ ወዳደገበት ግዛት ተመልሶ ለሚኒሶታ ስታርስ ፈረመ። ስታርስ በወቅቱ የግል ባለቤት ያጣና በሊጉ ድጎማ የሚተዳደር ክለብ ነበር። ቢሆንም በ2011 የሊጉን ዋንጫ አነሣ፤ በ2012ም ለፍጻሜ ደርሶ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። በዚያው ዓመት መገባደጃ አዲስ ባለቤት አገኘ፤ በ2013 ስሙን ወደ ሚኒሶታ ዩናይትድ ለወጠ፤ በ2017 ደግሞ ወደ ከፍተኛው ሊግ ገባ።

ከ31 ዓመት በኋላ

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ በደስታ ሰክራ ነበር። ኢትዮጵያ በጥቅምት 2012 ሱዳንን 2 ለ 0 በመርታት፣ ከካርቱሙ የ5 ለ 3 ሽንፈት በኋላ ከሜዳዋ ውጭ ባስቆጠረቻቸው ግቦች ብልጫ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ከ1982 ወዲህ እንዲህ ያለ ዕድል ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ለደቡብ አፍሪካው ውድድር የያዙት ቡድን በአመዛኙ በአገር ውስጥ ክለቦች ተጫዋቾች የተገነባ ነበር። ከውጭ ከተጠሩት ጥቂቶች መካከል ከአሜሪካ ፉአድ ኢብራሂም፣ ከስዊድን ደግሞ ዩሱፍ ሳላህ ይገኙበታል።

ዋልያዎቹ በመክፈቻ ጨዋታቸው የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ በአሥር ተጫዋቾች ሲታገሉ የአቻነቷን ግብ ያስቆጠረው አዳነ ግርማ ነበር። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በኋላ ዋንጫውን በወሰደችው ናይጄሪያ ደግሞ 2 ለ 0 ተሸንፈው ከምድባቸው ተሰናበቱ። ውጤቱ ባያምርም፣ ስታዲየሞቹን በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያጥለቀለቀው ደጋፊ አይረሳም።

ለሌሎቹ በሩ ለምን ጠበበ?

ፉአድን የመሰሉ በውጭ ያደጉ ተጫዋቾች በዋልያዎቹ ማልያ ብዙ አለመታየታቸው የችሎታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁለት ሕጎች አብረው መታየት አለባቸው።

የመጀመሪያው የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የፊፋ ደንብ ነው። በዚህ በኩል በሩ እየሰፋ መጥቷል። ፊፋ በ2009 አገር ለመቀየር ተጥሎ የነበረውን የ21 ዓመት የዕድሜ ገደብ አነሣ፤ በ2020 ደግሞ ደንቡን ይበልጥ አላላ። ለአንድ አገር ወጣት ቡድን መጫወት ዛሬ የወላጆችን አገር ከመወከል አያግድም። ይሁን እንጂ ተጫዋቹ የሚወክለው አገር ዜጋ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። አዋጁ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የቀድሞውን እንደተወ ይቆጠራል። በውጭ አገር በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅም፣ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ማሳወቅ ይኖርበታል።

በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ለመሥራትና ገንዘብን በሥራ ላይ ለማዋል ያስችላል። ዜግነት ግን አይደለም፤ ስለዚህም ለብሔራዊ ቡድን አያሰልፍም።

ይህ ለአንድ የ19 ዓመት ወጣት ከባድ ምርጫ ነው። የአውሮፓ ፓስፖርት መጓጓዣ ሰነድ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይም ነው፤ የጣሊያንና የስፔን ሊጎች ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ ተጫዋቾችን ቁጥር ይገድባሉ። ማልያውን ለመልበስ ፓስፖርቱን የሚመልስ ወጣት በክለብ ሕይወቱ ላይ ይፈርዳል። አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ቴዎዶር ገብረሥላሴ ለቼክ ሪፐብሊክ፣ በበርሊን ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ጌድዮን ዘላለም ደግሞ ለአሜሪካ ወጣት ቡድን ተሰልፈዋል።

በሌላ ወገን፣ ከ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰችው ሞሮኮ ከያዘቻቸው 26 ተጫዋቾች 14ቱ ከአገሪቱ ውጭ የተወለዱ ነበሩ።

ሕጉ ባለበት ይጽና የሚሉ ወገኖች ዜግነት የታማኝነት ጉዳይ እንጂ የስፖርት መሣሪያ አይደለም፤ በአገር ውስጥ ሊግ የሚለፋውም ተጫዋች ቦታውን ሊነጠቅ አይገባም ይላሉ። ይሻሻል የሚሉት ደግሞ በስደት ያደገ ልጅ ከሁለት አገሮቹ አንዱን እንዲክድ መገደድ የለበትም ሲሉ ይሞግታሉ።

የክለብ መንገዱ ግን ከፉአድ ዘመን ወዲህ ተለውጧል። ሚኒሶታ ዩናይትድ ከ2022 ጀምሮ ለወጣቶች የሚሆን ሁለተኛ ቡድን አለው፤ ታዳጊዎች በየሳምንቱ የሚወዳደሩበት ሊግም ተቋቁሟል። ዛሬ በመንታ ከተሞቹ ሜዳዎች ኳስ የሚያንከባልል የኢትዮጵያ ተወላጅ ልጅ፣ ፉአድ ያላገኘው መሰላል ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ቆሞለታል። የመሰላሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ የትኛውን ማልያ መልበስ እንደሚችል የሚወስነው ግን አሁንም ከሜዳው ውጭ ያለው ሕግ ነው።