ማን ይሰንቅለት? የጀማሪ ሠዓሊያን የሙያ ድጋፍ ከጎጃም አንጻር

የሥዕል ትምህርቱን ጨርሶ በራሱ ስም ሥራ ለማቅረብ የሚነሣ ሠዓሊ ገበያው እስኪያውቀው ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመታት ማን ሊደግፈው ይገባል የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ሲንከባለል የቆየ ሲሆን፣ መልስ ሰጪው በየዘመኑ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ወይም የውጭ አገር የባህል ተቋም እየሆነ ተለዋውጧል። በዛሬው ዓለም የተለመደው መልስ የሙያ ማጎልበቻ ፌሎሺፕ ይባላል። ፌሎሺፕ ማለት ትምህርቱን የፈጸመ፣ ነገር ግን በሙያው ገና ያልተደላደለ ሰው ለተወሰነ ጊዜ የኑሮ አበል፣ የመሥሪያ ቦታ፣ የአንጋፋ ባለሙያ ምክርና ሥራውን ለሕዝብ የሚያሳይበት መድረክ በአንድነት የሚያገኝበት የድጋፍ ዓይነት ነው። በዚህም ለዲግሪ ከሚሰጠው የትምህርት ዕድል፣ ተሠርቶ ላለቀ ሥራ ከሚሰጠው ሽልማት፣ እንዲሁም በአንድ ቦታ ተቀምጦ ለመሥራት ብቻ ከሚያስችለው ሬዚደንሲ ይለያል። በኢትዮጵያ የትምህርት ዕድሉና ሽልማቱ ረዘም ያለ ታሪክ አላቸው፤ ሬዚደንሲ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ አራቱንም ጥቅሞች አሟልቶ የሚሰጥ ፌሎሺፕ ግን ከሁሉም ያነሰ ሥር የያዘው ነው።

በጎጃም ደጋማ አገር ይህ የሽግግር ዘመን ቀድሞ ያለ ተንከባካቢ አልነበረም። የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ጉባኤ ቤቶች በቅኔ ስማቸው የገነነው በመምህራኑ ሊቅነት ብቻ ሳይሆን፣ ለዓመታት አንዳች የማያመርተውን የቆሎ ተማሪ የአካባቢው ገበሬ እየመገበ ስላቆየው ጭምር ነው፤ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም የሚሰጠው ቁራሽ እንጀራ ምጽዋት ቢባልም፣ በውጤቱ ሲመዘን አገሬው ሁሉ የተካፈለበት የትምህርት ድጎማ ነበር። ሥዕል የቅኔን ያህል ተማሪ አልሰበሰበም፤ አካሄዱ ግን ተቀራራቢ ነው። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ዘንድ ተጠግቶ ቀለም በመፍጨት፣ ሙጫ በማፍላትና ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ጨርቅ በመወጠር ይጀምራል፤ ቀጥሎ መምህሩ በነደፈው መስመር ውስጥ ልብሱንና መደቡን እንዲቀባ ይፈቀድለታል፤ ፊትና ዓይን ግን እጁ እስኪጠና ድረስ በአብዛኛው የመምህሩ ድርሻ ሆነው ይቆያሉ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለዛሬው ክርክር የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ተማሪው እየሠራ የሚማር በመሆኑ የሚበላው ከሥራው ጋር አብሮ መቅረቡ ነው። ሁለተኛውና የበለጠ ክብደት ያለው፣ ትምህርቱ ሲያልቅ የሚጠብቀው ግድግዳ መኖሩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በታነጸና በታደሰ ቁጥር የሚሣል ሥዕል ነበረ፣ ለሥዕሉም ወጪውን የሚችል ባለጸጋ ወይም መኳንንት ነበረ። በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው መታየታቸው ደጋፊው ራሱ የሥዕሉ አካል እስከመሆን ይደርስ እንደነበር ያሳያል። ሥርዓቱን ከልክ በላይ ማሞገስ ግን ተገቢ አይደለም። የሚሣለው ጉዳይ በቀኖና የተወሰነ፣ የሠዓሊው ስም ብዙ ጊዜ የማይመዘገብ፣ ሙያውም በቤተ ክህነት ሰዎች እጅ የተያዘ ስለነበር ለሴቶች በሩ የተዘጋ ነበር።

በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተሰማ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ላይ ከነገሡ በኋላ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ የቤተ መንግሥትና የደብር ከተማ ሆና ሊቃውንትንና የእጅ ባለሙያዎችን ሳበች። በልጅነታቸው ከዓባይ ማዶ መጥተው በጎጃም ያደጉት፣ ኋላም በሠዓሊነታቸውና በታሪክ ጸሐፊነታቸው የታወቁት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የዚህ ከባቢ ፍሬ ናቸው። በእሳቸው ሕይወት ሥዕልና ጽሕፈት ተለያይተው የሚታዩ ሙያዎች አይደሉም፤ ሁለቱንም ያሳደጋቸው ያው ደጋፊ፣ ያው የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ጥምረት ነበር።

በዚያው ትውልድ ውስጥ ሌላ መንገድም ተከፍቷል። በጣና ዳርቻ በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ኢጣልያ ተልከው በቶሪኖው የአልቤርቲና አካዳሚ ሥዕል ሲማሩ፣ ቤተ መንግሥት አንድን ወጣት ለሥዕል ትምህርት ወደ አውሮፓ ሲልክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኑ። የሕይወታቸው ሂደት ግን ዛሬም ያልተፈታውን ችግር አስቀድሞ ያመለክታል። አንባቢ ይበልጥ የሚያውቃቸው እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ ሲሆን፣ ቀሪ ዘመናቸውንም በአብዛኛው በማስተማር፣ በንግድ፣ በጉምሩክ ሹመትና በዲፕሎማሲ አሳልፈዋል፤ በአውሮፓ ስልት የሠለጠነ ሠዓሊ አገሩ ሲመለስ የሚኖርበት የሙያ ስፍራ ገና አልተበጀም ነበርና። የላከው አካል ለመሄጃው እንጂ ለመመለሻው አላሰበም።

ይህ ጉድለት በቀጣዩ መቶ ዓመትም በተለያየ መልክ ተደግሟል። አገኘሁ እንግዳ እ.ኤ.አ. በ1926 ወደ ፓሪስ ተልከው ተማሩ፤ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የሄዱት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ሲሆን ወደ ሥዕል የዞሩት እዚያው ደርሰው ነው፤ እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ ኢዮቤልዩ በዓል በተዘጋጀ ዐውደ ርእይ ሁለተኛ ሽልማት አግኝተው በማግሥቱ ዓመት በመንግሥት ወጪ ወደ ለንደን፣ ኋላም ወደ ፓሪስ ተሻገሩ። ዕድሉ የሚገኘው በውድድር፣ በማስታወቂያና በመመዘኛ ሳይሆን በአብዛኛው በንጉሠ ነገሥቱ ዓይን ውስጥ በመግባት ነበር፤ ይህም ተሰጥኦ ያለው፣ ግን ከአዲስ አበባ የራቀ ወጣት ከመነሻው የሌለበት ጨዋታ ነው። ያም ሆኖ የተላኩት ሲመለሱ ተቋም የተከሉበት አጋጣሚ አለ። አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የሥዕል ትምህርታቸውን ፈጽመው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በጀርመን ኮሎኝ የተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታና ከፓሪስ የተመለሱት እስክንድር በዚያ ማስተማራቸው ደመወዝ፣ ስቱዲዮና ደቀ መዝሙር በአንድ ጊዜ ስላስገኘላቸው የመምህርነቱ ወንበር ራሱ ስም የለሽ ፌሎሺፕ ሆኖ አገልግሏል ማለት ይቻላል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ለአፈወርቅ ተክሌ፣ ለገብረ ክርስቶስና ለእስክንድር መድረሱ የክብር ምልክት ነው፤ ነገር ግን ሽልማት ስም ያወጣውን የሚያከብር እንጂ ስም የሌለውን የሚያቆም አይደለም። ከሦስቱ የሁለቱ መጨረሻ አሜሪካ ሆነ፤ እስክንድር በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምረው በዋሽንግተን፣ ገብረ ክርስቶስም በስደት በኦክላሆማ አረፉ።

በደርግ ዘመን የሶቪየት ኅብረትና የምሥራቅ አውሮፓ አካዳሚዎች በሮች ሲከፈቱ የተላኩት ቁጥር ጨመረ፤ በሌኒንግራድ ተምረው የተመለሱት ታደሰ መስፍንም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ለአሥርት ዓመታት በማስተማር ዛሬ ስማቸው የሚነሣ በርካታ ሠዓሊያንን ቀርጸዋል። ድጋፉ ከአንድ ርዕዮተ ዓለም ጋር የተሳሰረ ስለነበር ሥርዓቱ ሲወድቅ አብሮ ቆመ።

ከእነዚህ ሁሉ ዕድሎች ውጭ የቀረው የጎጃም ሠዓሊ ምን ይሆን እንደነበር ለማየት የቄስ አዳሙ ተስፋውን ሕይወት መመልከት ይበቃል። በብቸና አካባቢ የተወለዱት እኚህ ሠዓሊ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሠለጠኑ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው ሥራቸው በቱሪስት ገበያና በመታሰቢያ ዕቃ መደብሮች በኩል መሸጥ ጀመረ። ስማቸው በሰፊው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፋውለር ሙዚየም ሬይመንድ ሲልቨርማን በእሳቸው ሕይወትና ሥራ ላይ ያተኮረ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጁ ነው። እንዲህ ያለው ዕውቅና በጉልምስና ዘመን መምጣቱ የሚያስደስት ቢሆንም፣ የልምምድ ዘመናቸውን የደገፈው ግን የመደብሮቹ ገበያ መሆኑ አይቀርም፤ ገበያ ደግሞ የተሸጠውን ሥዕል ደጋግሞ እንዲሣል ይጠይቃል። ፌሎሺፕ የሚባለው ነገር ዋና ፋይዳ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሠዓሊው የማይሸጥ ሥዕል እንዲሞክር የሚያስችል ጊዜ መግዛቱ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ያለው ሁኔታ የተበታተነ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት፣ በአንቀጽ 91 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ አቅም በፈቀደ መጠን ሥነ ጥበብን የመደገፍ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በ1990 ዓ.ም. የወጣውና በ2008 ዓ.ም. የተሻሻለው የባህል ፖሊሲም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። ድንጋጌው «አቅም በፈቀደ መጠን» ስለሚል፣ ለአንድ ጀማሪ ሠዓሊ ይህን ያህል ወር ይህን ያህል አበል ይሰጥ የሚል በፍርድ ቤት የሚጠየቅ መብት አይወጣውም። ክፍተቱን በከፊል የሞሉት ሌሎች ናቸው። የሌጎሱ የዘመናዊ ጥበብ ማዕከል መሥራች ቢሲ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመሩትና ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ የአፍሪካን ወጣት ሠዓሊያንና የዐውደ ርእይ አዘጋጆችን ያሠለጥን የነበረው አሲኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ ተካሂዷል፤ የኔዘርላንዱ ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየዓመቱ ለ100 ጀማሪ የጥበብ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 5,000 ዩሮ ሲሰጥ ቆይቷል። በአዲስ አበባም ሠዓሊያን ራሳቸው ግቢና ስቱዲዮ እየተጋሩ፣ ለምሳሌ በሐበሻ አርት ስቱዲዮና በነፃ አርት ቪሌጅ፣ ያለ ደጋፊ የኖሩበት ዘመን አለ። ምናልባት ከውጭ ከመጣው ድጋፍ ሁሉ ይልቅ ለቆሎ ተማሪው ኑሮ የሚቀርበው ይህ ነው።

እነዚህ ዕድሎች ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ምን እንደሚመስሉ ለማየት አንድ ማመልከቻ ምን ምን እንደሚጠይቅ መዘርዘር ይጠቅማል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሠዓሊው መግለጫ ይፈለጋል፤ በጥሩ ብርሃን የተነሡና መጠናቸው የተስተካከለ የሥራ ፎቶግራፎች የተካተቱበት ፖርትፎሊዮ ይፈለጋል፤ ከዚህ ቀደም ሥራ የታየባቸው ዐውደ ርእዮች ዝርዝር፣ የሁለት ምስክሮች ደብዳቤ፣ ብዙ ጊዜም ፓስፖርትና የዕድሜ ጣሪያ አለ፤ ሁሉም በኢንተርኔት ይላካል። በከተማዋ ሥዕል የሚችል ወጣት ኑሮውን የሚገፋበት የንግድ ቤት ታፔላ በእጅ የመጻፍ ሥራ ለባነር ማተሚያ እጅ እየሰጠ ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ከታተመ ምስል ጋር መፎካከር ይዟል፤ እነዚህ ሥራዎች ደግሞ የዐውደ ርእይ ካታሎግ የላቸውም፣ ምስክርነት የሚጽፍ ኩሬተር፣ ማለትም ዐውደ ርእይ የሚመርጥና የሚያደራጅ ባለሙያ፣ በአቅራቢያው አይገኝም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድና የሞባይል ኢንተርኔት ባቋረጠባቸው ወራት ማመልከቻ መላክ ራሱ ከባድ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲተው በዩሮና በዶላር የሚከፈል ድጋፍ በብር ሲመነዘር ከፍ አለ፤ ከውጭ የሚገባው የዘይት ቀለምና የሸራ ዋጋም እንዲሁ፤ ድጋፉን ያላገኘው ሠዓሊ የደረሰበት ሁለተኛው ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች ሁለቱ ክብደት አላቸው። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መልሶ መገንባት በሚያስፈልገው ክልል የሥዕል አበል ቅንጦት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ገንዘብ የሚሰጥ አካል የሚሣለውንም ይመርጣል፣ ስለዚህ ድጋፍ ውሎ አድሮ ነፃነትን ይነካል ይላሉ። ለሁለተኛው የኢትዮጵያ ታሪክ በቂ ማስረጃ ያቀርባል፤ የቀኖናው ግድግዳም፣ የቤተ መንግሥቱ ሞገስም፣ የርዕዮተ ዓለሙ ሥዕልም የሰጪውን ፊት የተሸከሙ ናቸው። መፍትሔው ድጋፉን መተው ሳይሆን ሰጪዎችን ማብዛትና የሚመርጡትን ሰዎች ከሚከፍሉት ሰዎች መለየት ይመስላል። የመጀመሪያው ተቃውሞ ግን ፌሎሺፕን ከውጭ ጉዞ ጋር አንድ አድርጎ ከማየት የመጣ ነው። ለአንድ ዓመት የሚበቃ መጠነኛ አበል፣ አንድ ክፍልና ሥራው የሚቀርብበት ግድግዳ ከአንድ አውሮፓዊ ሬዚደንሲ በእጅጉ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ግድግዳው በጎጃም ሞልቷል፤ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አዳራሾች አሉት፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የእይታ ጥበብን ያካተተላቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የሚታደሱ አድባራትም አይጠፉም።

እዚህ ላይ የሚቀረው አስቸጋሪ ጉዳይ ማን ይመረጥ የሚለው ነው። መመዘኛው ዲግሪ ከሆነ ዕድሉ ዞሮ ዞሮ ለአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ለዛሬው አለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ ምሩቃን፣ ማለትም አስቀድሞ ወደ አዲስ አበባ ለሄዱት፣ ይሆናል፤ በደብር ከመምህር እጅ የተማረው ወጣት ከውድድሩ ይወጣል፤ ዲግሪው ቢቀር ደግሞ ገምጋሚዎቹ ሥራውን በቦታው ሄደው ማየት ይኖርባቸዋል፣ ይህም ከፖርትፎሊዮ ምርጫ የበለጠ ቀንና የመንገድ ወጪ ይጠይቃል። ሴት አመልካቾችን በተመለከተም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥልጠና ስላልተከፈተላቸው፣ የደብሩን ልምድ እንደ መመዘኛ መያዝ ብቻውን አሮጌውን መድልዎ በአዲስ ስም ያስቀጥላል። የክልሉ የባህል ቢሮም ሆነ ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለ ድጋፍ ለመጀመር ቢያስብ ከገንዘቡ በፊት የሚወስነው ይህንኑ ነው።