የሐይቅ ዓሣና የአምባሰል በግ ጠያቂያቸው ማነው?

ከደሴ ተነሥቶ በወልዲያ መንገድ የሚጓዝ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያ አልፎ ወደ ሰሜን ሲል የአምባሰል ተራራ ይቀበለዋል። ሐይቁን ብዙ ሰው የሚያውቀው በእስጢፋኖስ ገዳም ነው። የውኃና የዓሣ ተመራማሪዎች ግን በቆሮሶው ያውቁታል። ቆሮሶ የዚህ ውኃ ተወላጅ አይደለም፤ በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ከሌላ ሥፍራ መጥቶ ተለቀቀና ተራባ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተካሂዶበታል።

በእንዲህ ያለው ጥናት ዓሣው በመረብ ይያዛል፤ ይለካል፤ ይመዘናል፤ የበላውን ለማወቅም ሆዱ ይከፈታል። ሥራው አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ዓሣው ከውኃ ከወጣ በኋላ ቢላዋው እስኪደርስለት ድረስ ምን ይሆናል? ውሻ ቢሆን ይጮኽ ነበር። ዓሣ ግን ሣር ላይ ተጥሎ አፉን ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር አቤቱታ የለውም። ወዲያው ራሱን መትቶ መግደል ወይም ከቅርንፉድ በሚገኝ ዘይት ማደንዘዝ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቅርንፉድም ከወሎ ገበያ የጠፋ ሸቀጥ አይደለም።

ስለዚህ ጉዳይ ዓለም ማሰብ ከጀመረ ቆይቷል። እንግሊዞች በ1876 በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ ምርምር የሚያደርግ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። በ1959 ረስልና በርች የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ባሳተሙት መጽሐፍ ለተመራማሪው ሦስት ጥያቄ ሰጡት፤ እንስሳውን በሌላ ነገር መተካት ይቻላልን? ቁጥሩን መቀነስስ? ሥቃዩን ማቅለልስ? አሜሪካኖችም የ1966 ሕጋቸውን በ1985 ሲያሻሽሉ፣ የምርምር ተቋሞች ከሦስት የማያንሱ አባላት ያሉት ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ፣ ከአባላቱም አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ ሌላው ደግሞ ከተቋሙ ጋር ግንኙነት የሌለው የውጭ ሰው እንዲሆን አዘዙ። ኮሚቴው በየስድስት ወሩ እንስሳቱ ያሉበትን ሥፍራ ይጎበኛል።

ሕጉ መልካም ነው፤ እንዳለ እንቅዳው የሚል ሰው ቢነሣ ግን ቆም ብሎ ማንበብ አለበት። ያ የአሜሪካ ሕግ ደመ ቀዝቃዛ እንስሳትን አይጨምርም፤ ለእርባታና ለምርት ማሻሻያ በሚደረግ ጥናት የሚያገለግሉ የእርሻ እንስሳትንም ከጥበቃው ውጭ ትቷቸዋል። (በመንግሥት የጤና ገንዘብ ለሚካሄድ ምርምር የወጣው ደንብ ዓሣንም ያካትታል።) እንግዲህ ሕጉ እንዳለ ቢገለበጥ በመጀመሪያ ከደጅ የሚቀሩት የሐይቅ ቆሮሶና የአምባሰል በግ ናቸው።

ነገሩ የሩቅ አይደለም። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በ1979 በደብረ ዘይት ተጀምሮ ዛሬ ጎንደርና ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደርሷል። ደም መቅዳትን ለመማር ሃያ ተማሪዎች ተራ በተራ የአንዲቱን በግ አንገት በመርፌ ቢወጉ፣ የመጀመሪያው ይማራል፤ የመጨረሻው የሚያገኘው ያበጠ አንገትና የደነገጠች በግ ነው። ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውኃ የሞላውን የጎማ ቱቦ በአጎዛ ሸፍኖ እጅን ማለማመድ ይቻላል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ግን ይፈልጋል።

ያ ጠያቂ በበኩሌ የኮሌጁ መምህር ብቻ እንዲሆን አልመኝም። መምህር የመምህርን ማመልከቻ ሲመረምር ነገ የራሱም እንደሚመጣ ያውቃልና እጁ ይለሰልሳል። የውጭ ሰው ይግባ ከተባለም ስሙን ለመዝገብ ብቻ የሚያውስ ባለሥልጣን አያስፈልግም። ከሐይቅ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ከአምባሰልም በጎቿን በመልክ በመልካቸው ለይታ የምታውቅ አንዲት ባለ ከብት እናት ቢቀመጡ እወዳለሁ። ስለ ሳይንሱ ላይከራከሩ ይችላሉ። እኚያ እናት ግን ወረቀቱ ሲነበብላቸው «ስንት ጊዜ ትወጋለች? ማታስ ወደ ግልገሏ ትመለሳለች ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልስ እስኪያገኙም አይፈርሙም።